ሐኪም ጋራ ላይ ያልነበረው በረዶ

ከሐኪም ጋራ አናት ወደ ሰሜን ሲመለከቱ የሐረር ጥንታዊ ከተማ ጁገል ከነግንቡና ከነመስጊዶቹ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ እየወረደ ወደ ኤረር ሸለቆ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የባቢሌ ቆላ ነው። በምዕራብ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለ ዕለት ጋራ ሙለታ ከሩቅ ይለያል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ ነበር፣ የጂኦግራፊ ደብተሩን እንደያዘ፣ «ጋሼ፣ የበረዶ ዘመን የሚሉት እኛም አገር ነበረ?» ብሎ የጠየቀኝ።

«በረዶው ባሌ ነበረ፤ እዚህ አልደረሰም። ብርዱ ግን ደርሷል» አልኩት።

ልጁ የነገሩትን ዝም ብሎ የሚቀበል አልነበረም። «ማን አይቶ?» አለኝ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ያ በረዶ በነበረበት፣ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት፣ የጻፈ ጸሐፊ የለም፣ ሙቀት የለካ ቴርሞሜትር የለም፣ ዝናብ የቆጠረ የለም። ያሉን እማኞች ድንጋይ፣ አፈር፣ የሐይቅ ጭቃና የዋሻ ጠብታ ናቸው። እነዚህ እማኞች እንዴት እንደሚጠየቁ ማወቅ ለማንም የሚቻል ነገር ነው፤ ከባድ የሚሆነው አንዱን እማኝ ብቻ ሰምቶ አለመፍረድ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በእኛ ቋንቋ «በረዶ» ብዙ ነገር ይሸከማል። ከዝናብ ጋር ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ከፍሪጅ የሚወጣውም በረዶ ነው። ሌሊት ሣር ላይ የሚነጣውን ውርጭ ወይም አመዳይ እንለዋለን። ግግር በረዶ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በጣም ከፍ ባለ ቦታ እንደ ተባዘተ ጥጥ ብትን እያለ የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ ይከርማል፤ በዓመቱ ሌላ ይደረብበታል። የላይኛው የታችኛውን እየተጫነው አየሩ ይወጣል፣ ጥጡ ወደ ጠጣር በረዶ ይለወጣል። በአሥር ሜትሮች የሚለካ ውፍረት ላይ ሲደርስ በራሱ ክብደት ቁልቁል መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዓይን አያየውም፤ ግን ይሄዳል። ነገሩን ሁሉ የሚያደርገው ይህ መንቀሳቀሱ ነው፤ የሚሄድ በረዶ ተራራ ይፍቃል፣ ድንጋይ ይነቅላል፣ ተሸክሞም ይወስዳል።

ዛሬ በአፍሪካ እንዲህ ያለ በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከዓመት ዓመት እያለቀ ነው። በኢትዮጵያ አንድም የለም። ራስ ዳሸን 4,543 ሜትር፣ የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አላቸው፤ ነጭ ለብሰው የሚያድሩበት ጊዜ ቢኖርም ነጩ አይከርምም። የጽሑፍ ምስክር የሚፈልግ ሰው ወደ አዱሊስ ሊሄድ ይችላል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ ነጋዴ ከአዱሊስ ቀድቶ ያቆየው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። አንድ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻዎቹ ሲናገር የስሜንን ሰዎች አገር ያነሣል፤ ተራራው በበረዶ የተሸፈነና እስከ ጉልበት የሚያሰጥም እንደነበረ ይገልጻል። ይህ እጅግ የከበረ ቃል ነው። ቢሆንም ሁለት ሺህ ዓመት እንኳ አይሞላውም። ከዚያ ወደ ኋላ ለመሄድ ድንጋዩን መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ግግር በረዶን ለመረዳት ጎተራን ማሰብ ይበቃል። ጎተራ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ባለው አፉ ይወጣል። የተራራው ላይኛው ክፍል መሙያው ነው፤ እዚያ ብርዱ ስለሚበረታ ከሚቀልጠው ይልቅ የሚወርደው ይበልጣል። የታችኛው ጫፍ መውጫው ነው፤ እዚያ ሙቀቱ በረዶውን ይበላዋል። በሁለቱ መካከል ገቢውና ወጪው እኩል የሚሆንበት ከፍታ አለ፤ ባለሙያዎቹ የሚዛን መስመር ይሉታል። የጠፋ በረዶ ጫፉ የት ይደርስ እንደነበርና ምን ያህል መሬት ይሸፍን እንደነበር ከታወቀ የሚዛን መስመሩን ማስላት ይቻላል። ከእሱ ተነሥቶ ደግሞ የዘመኑ ብርድ ይገመታል። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይቀራል፤ ጎተራው የሞላው ብዙ ስለገባበት ነው ወይስ ትንሽ ስለወጣበት? ብዙ በረዶ የወረደበት ዘመንና በጣም የቀዘቀዘ ዘመን አንድ ዓይነት ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። ይህን ጥያቄ ይያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የበረዶው ጫፍ የት እንደነበረ የሚናገረው ዋናው እማኝ ሞሬን የሚባለው ክምር ነው። መንገድ ሲሠራ ግሬደር የቆመበት ቦታ ላይ የገፋውን አፈርና ድንጋይ ትቶ ወደ ኋላ ሲመለስ ያየ ሰው ሞሬን ምን እንደሆነ አውቋል ማለት ነው። በረዶም ከፊቱና ከጎንና ጎኑ የገፋውን፣ በላዩም የተሸከመውን፣ በቀለጠበት ቦታ ይጥለዋል። ሲጠፋ በሸለቆው ላይ እንደ ታጠፈ ክንድ የዞረ ጉብታ ይቀራል።

ታዲያ ይህን ጉብታ ወንዝ ወይም የመሬት መንሸራተት ካመጣው ክምር በምን እንለየዋለን? ወንዝ እንደ ባለሙያ ሴት ነው፤ ያንጓልላል። ትልቁን ድንጋይ ከላይ ይተዋል፣ ጠጠሩን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ አሸዋውን ቀጥሎ፣ ደቃቁን አፈር ሜዳ ላይ። እየተንከባለሉ የሄዱ ድንጋዮች ጠርዛቸው ይለሰልሳል። በረዶ ማንጓለል አያውቅም። ቤት የሚያህለውን ድንጋይና ዱቄት የመሰለውን አፈር አንድ ላይ፣ ሳይለይ፣ ይጥላቸዋል። ስለዚህ አንድን ጉብታ ቆርጦ ውስጡን ማየት ብዙ ይናገራል። የመሬት መንሸራተትም ሳይለይ ነው የሚጥለው። እሱን ለመለየት ቀና ብሎ ከበላዩ ያለውን ገደል ማየት ያስፈልጋል፤ የተናደ ቦታ ካለ ጥርጣሬ ይገባል።

ሌሎቹ ምልክቶች ከዚህ ጋር ይቆጠራሉ። በረዶው ሥር የተጣበቁ ድንጋዮች የሚያልፉበትን አለት እንደ ሞረድ ይፍቁታል፤ የተወለወለና በአንድ አቅጣጫ የተጫረ ገጽ ይተዋሉ። ሸለቆው ወንዝ ብቻ ሲቆርጠው እንደ ጠባብ ፉካ ሹል ሆኖ ይወርዳል፣ በረዶ ሲያልፍበት ግን እንደ ገበታ ታቹ ሰፊ፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ይሆናሉ። በረዶው የተወለደበት ራስ ላይ ደግሞ ሦስት ጎኑ ገደል የሆነ፣ ወንበር የመሰለ ጎድጓዳ ይቀራል። ጎድጓዳው ውኃ ሲይዝ ሐይቅ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ባሌ። ሳኔቲ አምባ ከሐኪም ጋራ በአየር መስመር ወደ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅም ሁለቱም የአንድ ከፍታ መሬት ልጆች ናቸው፤ ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ከባሌና ከአርሲ እስከ ሐረርጌ የሚዘልቀው ደጋ። ውኃቸውም ይገናኛል፤ ኤረር የሚገባበት ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች የሚነሣ ወንዝ ነው። ሳኔቲ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኦስማስተን ሞሬኖቹን እየተከታተለ የጥንቱን በረዶ ካርታ ለመሥራት ደክሟል። በስሜን ተራሮች ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ የብርድ ዘመን ምልክቶችን አጥንቶ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1982 አሳትሟል። በአርሲም ጭላሎና በዳ ተራራ ላይ ተመሳሳይ ምልክት አለ።

ለብዙ ጊዜ የጎደለው ግን ዕድሜው ነበር። ሞሬን «በረዶ እዚህ ነበር» ይላል እንጂ «መቼ» አይልም። ይህን ያሟላው በአሌክሳንደር ግሮስ መሪነት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ነው። ዘዴው ልብ የሚነካ ብልሃት ስላለው ዘርዘር ላድርገው።

ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ሌት ተቀን መሬትን ይመታል። ድንጋይ ላይ ሲያርፍ በላይኛው ገጽ ውስጥ ያሉ አንዳንድ አቶሞችን ሰብሮ ወደ ሌላ ይለውጣቸዋል። ካልሲየምና ፖታሲየም ያለበት ድንጋይ ውስጥ ከሚፈጠሩት አንዱ ክሎሪን 36 ነው። መሬት ውስጥ ጠልቆ የኖረ ድንጋይ ይህን ጨረር አያገኝም። በረዶው ነቅሎ፣ ፍቆ፣ ሞሬን አናት ላይ ሲያስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማይ ያያል፤ ቆጠራው ከዚያች ቀን ይጀምራል። ተመራማሪው በመዶሻና በመሮ ከድንጋዩ ጀርባ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀርፎ ወደ ላቦራቶሪ ይወስዳል። እዚያ ይፈጫል፣ በኬሚካል ይሟሟል፣ ከዚያም አቶም በአቶም በሚለይ ትልቅ መሣሪያ ክሎሪን 36ቱ ይቆጠራል። በዓመት ስንት እንደሚጨመር ስለሚታወቅ ዕድሜው ይወጣል። በሌሎች አገሮች የተለመደው ዘዴ ኳርትዝ የተባለውን ማዕድን ይፈልጋል። የባሌ ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ስለሆኑና ኳርትዙ ስለማይመች ነው ክሎሪን 36 የተመረጠው።

ይህም እማኝ ብቻውን አይታመንም። ድንጋዩ ሞሬን ላይ ካረፈ በኋላ ተገልብጦ ከሆነ፣ ወይም ገጹ በዝናብ ተሸርሽሮ ከሆነ፣ ዕድሜው ከእውነቱ ያንሳል። በረዶው ከመውሰዱ በፊት ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የኖረ ከሆነ ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ ከአንድ ሞሬን ላይ ብዙ ድንጋይ ይወሰድና ምስክርነታቸው ይነጻጸራል። አንዱ ብቻውን ሲለይ ምክንያቱ ይፈለጋል።

ውጤቱ ምን ሆነ? የባሌ በረዶ እጅግ የተስፋፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። በሰፋበት ጊዜ 265 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር። በስተሰሜን ባሉት ሸለቆዎችም ረጅም ምላስ አውርዶ ነበር።

ቁጥሩን ያዩት ባለሙያዎች የተገረሙት በስፋቱ አልነበረም፤ በጊዜው ነው። በዓለም ዙሪያ የመጨረሻው ታላቅ በረዶ የበረታው ከ26 ሺህ እስከ 19 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነበር። ሰሜን አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰፊ ክፍል በበረዶ ሥር የነበሩት ያን ጊዜ ነው። የእኛው በረዶ ከዚያ ቀደም ብሎ ጣራውን ነክቶ፣ ዓለም እጅግ በቀዘቀዘበት ሰዓት እየቀነሰ ነበር። እንዴት?

እዚህ ላይ ነው ወደ ጎተራው የምንመለሰው። ብርድ ወጪን ይቀንሳል እንጂ ገቢን አያመጣም። ገቢው እርጥበት ነው። ዓለም እጅግ በቀዘቀዘበት ዘመን ውቅያኖሶች ቀዝቅዘው የሚተነው ውኃ አነሰ፣ የክረምት ዝናባችንም ደከመ። የጣና ሐይቅ ጭቃ ተቆፍሮ ሲታይ ከ18 ሺህ እስከ 16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ተረጋግጧል። ጣና ሲደርቅ የዓባይ ራስ ደረቀ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ድርቅ ላይ ባሌ ቢቀዘቅዝም ጎተራው የሚሞላበት የለውም። ስለዚህ የበረዶው ካርታና የሐይቁ ጭቃ አንድ ላይ ሲሰሙ ነው ታሪኩ የሚሟላው። በረዶውን ብቻ የሰማ ሰው «ያን ጊዜ ሞቆ ነበር» ብሎ በተሳሳተ ነበር።

በረዶን የሚወስነው ብርድ ብቻ እንዳልሆነ ስሜንም ያሳያል። ራስ ዳሸን ከቱሉ ዲምቱ ይበልጣል፤ የጥንቱ በረዶ ግን ከባሌ ይልቅ ትንሽ ነበር። አንዱ ምክንያት ቅርጹ ነው። ስሜን ሹልና ገደላማ ነው፣ ሳኔቲ ሰፊ ገበታ ነው። የሚዛን መስመሩ ትንሽ ዝቅ ባለ ጊዜ ሳኔቲ ላይ አንድ አምባ ሙሉ መሙያ ይሆናል።

የግሮስ ጥናት የብርዱንም መጠን አስልቷል፤ በረዶው በተስፋፋበት ጊዜ ከፍተኛው ተራራማ አገር ከዛሬው በ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ ከአስታው ጫካ በላይ የሚገኘው የውርጭ ዕፅዋት ክልልም 700 ሜትር ገደማ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው አባቶቻችን መሬትን በከፍታና በብርድ የከፈሉበት ዘዴ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ያን ጊዜ ውርጩ ወደ ደጋው፣ ደጋውም ወደ ወይና ደጋው ወረደ ብንል ስሕተት አይሆንም።

ስለዚህ ሐኪም ጋራስ? አየር በየ100 ሜትሩ ወደ 0.6 ዲግሪ ገደማ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። 5 ዲግሪ የቀነሰ ዘመን ማለት መሬቱን ሁሉ ወደ 800 ሜትር ከፍ እንደማድረግ ነው። ሐረር ከተማ 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ የዚያን ዘመን አየር ዛሬ ለማግኘት 2,700 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል፤ ለደብረ ብርሃን የቀረበ ብርድ። ይህ የእኔ ጥቅል ስሌት ነው፤ ብርዱ በቆላና በተራራ ራስ ላይ እኩል ላይሆን ይችላል። ቢሆንም በሐኪም ጋራ ተዳፋት ላይ ቡና ሊበቅል ይችል እንደነበር እጠራጠራለሁ። በረዶ ለመያዝ ግን ይህ ሁሉ ብርድ በጣም ያንሳል። 3,381 ሜትር ያለው ጋራ ሙለታ እንኳ ከሚዛን መስመሩ ብዙ ዝቅ ያለ ነው፤ መስመሩ ባሌ ላይ ወደ 4,000 ሜትር አካባቢ ነበርና። ለልጁ «እዚህ አልደረሰም» ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ብርድ ሰው ነበረ? ነበረ፤ በረዶው ደጃፍ ላይ። በባሌ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ደጋግመው እንደተቀመጡበት ታውቋል። ምግባቸው በብዛት ፍልፈል ነበር፤ ጠብሰው በልተው አጥንቱን ትተዋል። መሣሪያቸውን የሠሩበት ኦብሲዲያን የተባለው ጥቁር ብርጭቆ ድንጋይ የመጣው ደግሞ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለ ቦታ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ከዋሻቸው ተነሥተው በረዶው አጠገብ ድረስ ይወጡ ነበር። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ቅድመ አያቶቻችን የበረዶውን ዘመን ከሩቅ አልሰሙትም፣ ኖረውበታል።

ሳኔቲ ላይ ገና ሙሉ በሙሉ ያልተፈታ ነገርም አለ። በረዶ ባልሸፈነው የአምባው ክፍል ትላልቅ ድንጋዮች በረጃጅም መስመር ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዳንዱ መስመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋል፣ እስከ 2 ሜትር ይጠልቃል። ሰው የደረደራቸው አይደሉም። አፈር እየረጋና እየቀለጠ ድንጋይን ከደቃቁ አፈር ሲገፋ እንዲህ ያለ መስመር ይሠራል፤ እንደ ዋልታ አካባቢ ባሉ አገሮች የታወቀ ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን በዚህ መጠን ታይቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ እዚያ ያለው ብርድ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ተመራማሪዎች 29 የአፈር ሙቀት መለኪያዎች ቀብረው ነበር። ያገኙት በዓመት ከ35 እስከ 90 ሌሊት ላይ ላዩን ብቻ የሚረጋ አፈር ነው፤ ጠዋት ይቀልጣል። ይህ ድንጋይ አያነሣም። ያን ጊዜ አፈሩ በጥልቀትና ለረጅም ጊዜ መርጋት ነበረበት፤ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ቀንና ሌሊት እንጂ በጋና ክረምት በሙቀት ብዙ አይለያዩም። ይህ እንዴት እንደሆነ አሁንም የሚያከራክር ነው።

በረዶው ሲሄድ የተወው ወንበር ላይ ገርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ፤ 3,950 ሜትር ላይ። በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከሐይቁ ሥር የተቆፈረው ጭቃ ወደ 16,700 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐይቅ በረዶ ባለበት ጎድጓዳ ውስጥ ጭቃ አያጠራቅምም፤ ስለዚህ በረዶው በዚያ ጊዜ ለቅቆ ነበር። ጭቃው ውስጥ የአበባ ብናኝ ተቀብሯል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የትኛው ተክል እንደሆነ ይለያል። ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የአስታ ብናኝ በዛ፤ ሙቀትና እርጥበት መጣ ማለት ነው። በዚያው የእርጥበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈሱ ነበር። የዚያ ሐይቅ ዳርቻ ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከ4,500 ዓመት ወዲህ ደግሞ የጥድና የዝግባ ብናኝ ጨመረ፤ አየሩ እየደረቀ ሄደ።

ሐረርጌም የራሱ እማኝ አለው፤ በረዶ ሳይሆን ጠብታ። በምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አሉ። ከጣሪያቸው የሚንጠባጠበው ውኃ ኖራ ተሸክሞ ይወርድና ወለሉ ላይ ዓምድ ይሠራል። አንዳንዱ ዓምድ በየዓመቱ አንድ ስስ ድርብ ይጨምራል፤ እንደ ዛፍ ቀለበት ይቆጠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አስፋወሰን አሥራትና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ዓምዶች ያለፉትን ሺህ ዓመታት የዝናብ ከፍና ዝቅ አንብበዋል። የድርቡ ውፍረት አንድ ነገር ይናገራል፣ በውስጡ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ሌላ። ዓምድ የሚያድገው ጠብታ ሲኖር ብቻ ስለሆነ መቆሙ ራሱ መልእክት ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ጎዳ ቡቲቻ ዋሻ ውስጥ ደግሞ የሰው መኖሪያ አሻራ ተደርድሮ ይገኛል። ነገር ግን ከ25 ሺህ እስከ 8 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ያለው ገጽ ጎድሏል። ድርቁ ሰውን ስላሸሸ ነው? ወይስ አፈሩ ስላልተጠራቀመ ወይም ስለታጠበ? የጎደለ ገጽ ምን እንደነበረበት አይናገርም፤ በድርቁ ላይ ለማመካኘት መቸኮል አይገባም።

ለዚህ ጥንቃቄ እኛ ሐረሮች የቅርብ ምሳሌ አለን። ሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ዓይናችን እያየ ደረቀ፤ ከተማችን የምትጠጣው ውኃ ከእሱ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነ። ያደረቀው ዝናብ ማነስ ብቻ አልነበረም። ለከተሞች የተሳበው፣ ለጫትና ለአትክልት የተቀዳው፣ ከዙሪያው ኮረብታ እየታጠበ የሞላው ደለል ሁሉ ድርሻ ነበረው። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል። ከ10 ሺህ ዓመት በኋላ ጭቃውን የሚቆፍር ሰው ግን አንድ የደረቀ ንጣፍ አይቶ «እዚህ ታላቅ ድርቅ ነበር» ሊል ይችላል። እውነቱን የሚያገኘው አጠገቡ ያለውን ሌላ እማኝ፣ ለምሳሌ የመቻራን ጠብታ፣ ከጠየቀ ብቻ ነው።

ወደ ጥልቁ ዘመን የሚሄድ ሰው ከባሌም የቀደመ በረዶ ያገኛል። ትግራይ ውስጥ እዳጋ አርቢና እንጢጮ አካባቢ ሳይለይ የተደባለቀ አፈርና ድንጋይ፣ ከሥሩም የተጫረ አለት አለ፤ አሁን ሁሉም ወደ ድንጋይ ተለውጧል። ዶው፣ ቤይትና ፀጋዬ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1971 የበረዶ ሥራ መሆኑን አሳወቁ። ዕድሜው በመቶ ሚሊዮኖች ዓመት ይቆጠራል፤ አፍሪካ ወደ ደቡብ ዋልታ በተጠጋችበት ጊዜ የሆነ ነው። የባሌን ሞሬን የሚያነብብ ዓይን ይህንንም ያነብባል፤ ምልክቱ አንድ ነውና።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ፀሐይ እየገባች ነበር። ባቢሌ ዘመድ እንዳለው ስለነገረኝ ግን አንድ ሥራ ሰጠሁት። ከባቢሌ ወዲያ ዳካታ ሸለቆ ውስጥ ቤት የሚያክሉ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠው፣ ሊወድቁ ነው የሚያሰኙ አሉ። መጽሐፍ ላይ ያየውን የበረዶ ዘመን ሥዕል የሚያስታውስ ሰው «በረዶ ነው ያመጣቸው» ሊል ይችላል። «ሂድና ሦስት ነገር እይ» አልኩት፤ «ላይ ያለው ድንጋይ ከሥሩ ካለው አለት ጋር አንድ ዓይነት ነው ወይ? ገጹ ተጭሯል ወይስ እየተላጠ ነው? አጠገቡ ሳይለይ የተከመረ አፈርና ድንጋይ አለ ወይ?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ላይኛውም ታችኛውም ያው ግራኒት ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቀለም የለም። ጭረት የለም። ጎኑ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ድንጋይ ተላቅቆ ተንጠልጥሏል፤ ግራኒቱ መሬት ውስጥ ሳለ ስንጥቁን ተከትሎ የገባው ውኃ ጠርዙን እየበላ፣ በዙሪያው የነበረውን አፈርም ዝናብ እየወሰደ የቀረው እምብርት ነው። ሥሩ ላይ የተሰበሰበው ደግሞ ከራሱ ከድንጋዩ የረገፈ ሻካራ አሸዋ ብቻ ነበር። «እነዚህ ከየትም አልመጡም ጋሼ» አለኝ፤ «እዚያው ነው የተወለዱት።»